ዓይንህ ሲቀላ ቅጠል አትጭመቅበት

ወንድሜ ገበሬ፣ አውድማ ላይ እብቅ ዓይንህ ገባ እንበል። ምን ታደርጋለህ? ታሸዋለህ፤ ጓደኛህም በነጠላ ጫፍ ይጎረጉርልሃል። ይሄ ነው ጥፋቱ! አትሸው፣ ንጹሕ ውሃ በብዛት አፍስበት።

ዓይን አር ይዞት፣ ጠዋት ሽፋሽፍቱ እየተጣበቀ ከቀላ ተላላፊ ሊሆን ይችላልና እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ፎጣህንም ለይ። ነጩ ላይ ደም ታይቶ ካላመመህና በደንብ ካየህ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱ ይጠፋል።

እሾህ ወግቶት ከሆነ፣ ከባድ ሕመም ካለው፣ ብርሃን ካስቸገረህ ወይም እይታህ ከደበዘዘ ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ። በሬው ሲያነክስ የሚሮጥ ሰው ለዓይኑ ሳምንት ሲጠብቅ እኔ አይገባኝም። በሬስ ይገዛል! ቅጠልና ቅቤ ይቅርብህ። የጎረቤትህንም ጠብታ አትዋስ፤ ለእሱ የበጀው መድኃኒት ያንተን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።