ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

እናቷ የሞቱባት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደመወዝ የሚከፈልበት የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ታገኛለች። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፤ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ይዞ ይመጣል። እኚሁ እናት የመርሳት በሽታ ይዟቸው ለዓመታት ቤት ሲውሉ ግን ሕጉ ለከባድ ጉዳይ ብሎ የሚፈቅደው ያለ ክፍያ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ነው። እድሩማ ጨርሶ አይመለከተውም። ቀባሪው ሞልቷል፤ የደከመችው ጧሪዋ ናት።

በሽታው ሲጀምር በሽታ አይመስልም። እማማ መቀነታቸው ላይ የቋጠሩትን ብር ፈትተው ፍራሽ ሥር ይሸጉጡታል፤ በማግስቱ ያጡታል። ሌባዋ ሠራተኛዋ ትሆናለች፤ ምላ ተገዝታም አልታመን ስትል ልብሷን ሸክፋ ትሄዳለች። ከወር በኋላ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ሊሰጣ ሲነሣ ብሩ እንደተቋጠረ ይገኛል። ቤተሰቡ «ጃጅተዋል» ብሎ ያልፈዋል እንጂ ሐኪም ዘንድ አይወስዳቸውም። መውሰድ ነበረበት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ድባቴና አንዳንድ መድኃኒቶችም ሰውን ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።

የማይድነው ዓይነት ሲሆን ቀኑም ሌሊቱም ይዘበራረቃል። አመሻሽ ላይ፣ አርባ ዓመት በኖሩበት ሳሎን ተቀምጠው «መሽቷል፣ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ኮንዶሚኒየም የገቡ እንደሆነ ደግሞ የሁሉም ፎቅ በር አንድ ዓይነት ነው፤ የሰው ቤት ሲያንኳኩ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የድሮ ጎረቤት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓይነት ሕመም ጋር የሚኖሩ 57 ሚሊዮን ሰዎች እንደነበሩ ይገልጻል፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ውስጥ ናቸው። ከማስታመሙ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። እኛ ዘንድ ይህች ሴት ትዳር ያልያዘችው ልጅ ወይም ምራት ትሆናለች። ወንድሞቿ ከአሜሪካ ብር ይልካሉ፤ ብር ግን ሌሊት ተነሥቶ በር አይቆልፍም።

በሀብትም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን ኦቡ ከተማ የ91 ዓመት አዛውንት፣ የ85 ዓመት ባለቤታቸው ሸለብ ባደረጋቸው ቅጽበት ከቤት ወጥተው ባቡር ገጭቷቸው ሞቱ። የባቡር ኩባንያው ጉዞ ለተስተጓጎለበት ካሳ ጠይቆ ቤተሰቡን ከሰሰ፤ የታችኛው ፍርድ ቤትም ፈረደለት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቤተሰቡን ነጻ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በዚያ ቤት አማቷን ለመጦር ብላ ከሌላ ከተማ የመጣች ምራትም ነበረች። አንድ ሰው ለመጠበቅ ሁለት ሴቶች አልበቁም። ኦሙታ የምትባለው ሌላ የጃፓን ከተማ ነዋሪዎች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የጠፋ አዛውንት መፈለግን በየዓመቱ ይለማመዳሉ።

እድሮቻችን ከሞት በፊት መድረስ አዲስ አይሆንባቸውም። ኤች አይ ቪ ሰውን በሚያረግፍበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ከቀብር ሥራቸው ወጣ ብለው በሽተኛ አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። አሁን የሚጠየቁት ከዚያ ያንሳል፦ በሳምንት ሁለት ከሰዓት አንድ አባል አረጋዊውን ይዞ ይቀመጥ፤ አስታማሚዋ ገበያ ትውጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ትሂድ፣ ካሻት ትተኛ። የግቢው ጥበቃና ባለሱቁ የአረጋዊውን መልክና የቤተሰቡን ስልክ ይወቁ።

«ገመናችን ይወጣል» የሚል ቤተሰብ አይጠፋም። እናቱ ልብሳቸውን አውልቀው ጎረቤት እንዲያያቸው ማን ይፈልጋል? ስለዚህ ተረኛዋን ቤተሰቡ ራሱ ይምረጣት። ተረኛዋ ብትቀርስ ለሚለው አዲስ ነገር መፍጠር አያሻም፤ ቀብር የቀረ አባል ቅጣቱ የሚጻፍበት መዝገብ በእድሩ ጸሐፊ እጅ አለ፣ አንድ ዓምድ መጨመር ብቻ ነው።