ሕክምና ላልደረሳቸው ልጆች ወላጆች

ይድረስ ለአገሬ ሰዎች፣ በተለይ በዚህ ሰሞን ቤታቸው ለቅሶ ቤት ለመሰለ ወላጆች፤

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእህቴ ስልክ ነው። ልጇ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልፋለች፣ ዩኒቨርሲቲም ተመድባለች፤ ሕክምና ግን አልደረሳትም። እህቴ እያለቀሰች ስታወራኝ ከኋላዋ ጎረቤቶች «አይዞሽ፣ እሱ ያውቃል» ሲሉ ይሰማል። መጀመሪያ ሰው የሞተ ነበር የመሰለኝ።

እኔም በጊዜዬ ያው ደርሶብኛል። ዛሬ እዚህ ሜሪላንድ እንጀራዬን የምበላው ከጤና ሥራ ነው፤ የአንድ ሰው ደም ግፊት እንኳ ለክቼ ግን አላውቅም። የተማርኩት ፐብሊክ ፖሊሲ ነው። እናቴ ሰው ሲጠይቃት «ክሊኒክ ነው የሚሠራው» ትልና ወሬ ትቀይራለች። አልዋሸችም፣ አልጨረሰችውም እንጂ።

እንዴት እንደገባሁበት ልንገራችሁ። ማታ እየተማርኩ ቀን ቀን አንድ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጅ ልጃቸውን ተደግፈው ገቡ። ለስኳር ምርመራ በባዶ ሆድ ደም ሊሰጡ ነው የመጡት። መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና ቀጠሯቸው ጠዋት እንደነበረ፣ እንዳለፋቸውም ነገረችኝ። ተረጎምኩላቸው። እማማ ከጉያቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ስምንት ሰዓት ይላል፣ በስምንት ሰዓት መጣሁ። ምን አጠፋሁ ልጄ?»

ወረቀቱ 8:00 ይላል። ለጻፈው ሰው ጠዋት ነው፣ ለእሳቸው ከቀትር በኋላ። ከትናንት እራት ወዲህ ከውሃ በቀር የቀመሱት የለም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ነርሷ ሮጣ የብርቱካን ጭማቂ አመጣችላቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን «ቀጠሮ ያላከበሩ» ተብለው ተመዘገቡ። በአንድ እጃቸው ጭማቂውን ይዘው በሌላው ወረቀቱን መልሰው ሲያጥፉት እስካሁን ይታየኛል።

ሐኪማቸው ጎበዝ ሰው ነው፣ ምንም አላጠፋም። የበደላቸው ሐኪም የማይነካው ነገር ነው፤ የቀጠሮ ወረቀት። ወረቀቱ በአማርኛም ይዘጋጅ ብዬ ብጠይቅ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላለስኩ፤ ነገሩ መጨረሻ ላይ «የትርጉሙ ሒሳብ ከየትኛው በጀት ይከፈል?» የሚል ሆኖ አረፈው። ማታ ክፍል ውስጥ ስንማረው የነበረው ነገር ነፍስ የዘራብኝ ያኔ ነው። ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች፤ አንድ የከተማዋ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው ተይዞ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹ በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። አማርኛም አንዱ ነው። ሕጉ የእኛን ክሊኒክ አያስገድድም። እኔ ግን እሱን ምሳሌ አድርጌ፣ የባከኑ ቀጠሮዎች የሚያስወጡትን ገንዘብ ከትርጉሙ ክፍያ ጎን አስቀምጬ፣ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ወራት ፈጀ። ዛሬ በአማርኛው ወረቀት ላይ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8:00» የሚል መስመር አለ። ከዚያች መስመር በኋላ ነው ቋሚ ሥራ የሰጡኝ።

ትምህርቱ ራሱ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስ፣ በጀት ማንበብና ረጅሙን ነገር ለጊዜ አጥ አለቃ ማሳጠር ነው። ሙያው ግን የት ድረስ እንደሚሄድ በዚችው በሜሪላንድ ላሳያችሁ። በሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሆስፒታል ከየኢንሹራንሱ ጋር ለየብቻ ዋጋ ይከራከራል። እዚህ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሆስፒታል ታሪፍ የሚተምነው የግዛቱ ኮሚሽን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ደግሞ ሆስፒታሉ በዓመት የሚያገኘው ገቢ አስቀድሞ ይወሰንለታል። አልጋው ስለሞላ ገንዘብ አይጨመርለትም፤ እንዲያውም የስኳር ታማሚውን ሳይወድቅ ቤቱ ድረስ ነርስ ልኮ ቢከታተለው ይሻለዋል። ያንን ስሌት የሚያሰሉትና የሚከራከሩበት ኢኮኖሚስቶች፣ የሒሳብ ሰዎችና የእኔ ቢጤዎች ናቸው። ጋዋን የለበሰም ይኖርበታል፣ ግዴታ ግን አይደለም።

ይህ የፈረንጅ ቅንጦት አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንን ማሠልጠን የተጀመረው፣ ሐኪም እስኪበዛ ገጠሩ ይጠብቅ ማለት ስለማይቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው ይመደቡ ተባለ። ለምን ሁለት? ለምን ሴቶች? ለምን አንድ ዓመት? አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ያለውን ብርና ያለውን ሰው ቆጥሮ የወሰነው ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የሰፋው። ወንድሜ አባል ነው፤ መዋጮውን በየዓመቱ ይከፍላል። ባለፈው ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዛ ተባለ። «ደብተሩ አለኝ፣ ኪኒኑ ግን የለም» ብሎ ሳቀብኝ። መድኑ ለጤና ጣቢያው ዘግይቶ ስለከፈለ ነው? ግዢው ነው? ወይስ የመጋዘኑ ችግር ነው? ይህን ለይቶ ማወቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ሰውም ያስፈልጋል።

መንገዱ ቀላል ነው አልልም። እዚህ ለሁለት ዓመት ማስተርስ የተበደርኩትን ገና እየከፈልኩ ነው፤ ውጭ ልኬ አስተምራለሁ የሚል ደላላ ቢመጣባችሁ መጀመሪያ ይህን አስታውሱ። ዲግሪው ብቻውንም በር አይከፍትም። ካርድ ክፍል ወረፋ ይዞ የማያውቅ የፖሊሲ ምሩቅ የሚያምር ወረቀት ይጽፋል፣ ከመሳቢያ ግን አይወጣም። እኔንም ያተረፈኝ አስተርጓሚነቴ እንጂ ውጤቴ አይደለም።

በእህቴ ስልክ ማግስት ለልጇ ደወልኩላትና ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ፣ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አስፈቅዳ፣ መድኃኒት ማደያው መስኮት አጠገብ አንድ ጠዋት እንድትቀመጥ ለመንኳት። መድን ይዞ መጥቶ ስንቱ ሰው መድኃኒቱን አገኘ፣ ስንቱ ውጭ ግዛ ተባለ የሚለውን እንድትቆጥር ነው። «ይሄ ምን ይሠራል አጎቴ?» አለችኝ፤ ቢሆንም ሄደች። ትናንት የገጹን ፎቶ ላከችልኝ፤ አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ አምስተኛው ተሰርዞባቸው፣ እስከ ገጹ ግርጌ። ከሥሩ ጥያቄ ጽፋለች፦ «የሰዎቹን ስም ልጻፍ ወይ?»

የሰው ስም አትጻፊ አልኳት። የመድኃኒቱን ስም ግን እንዳትዘይው።