ቡችላ ሰውን የሚለምደው በልጅነቱ ነው

ውሻ የቤት ዘበኛ ነው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። ሌባ ሲመጣ ይቀሰቅሰናል። ነገር ግን ወዳጅና ጠላት የማይለይ ውሻ ለባለቤቱ ዕዳ ነው።

አንድ ገበሬ ቡችላ አመጣ። «ኃይለኛ ይሁንልኝ» ብሎ ገና ጡት ሳይጥል ጓሮ አሰረው። ቡችላው ከጌታው በቀር ሰው ሳያይ አደገ። አንድ ቀን ገመዱን በጠሰ። የነከሰው ግን ሌባ አይደለም። እሳት ልትጭር የመጣችውን የጎረቤት ልጅ ነከሰ።

የልጅቱ እናት፣ «ወንድሜ፣ ውሻህ ምን ያድርግ? ጎረቤት መሆናችንን ማን ነገረው?» አለችው። ገበሬው መልስ አጣ።

እውነትም ጥፋቱ የውሻው አልነበረም። ቡችላ ከሦስት ሳምንት ዕድሜው እስከ ሦስት ወር ገደማ ያየውን ቶሎ ይለምዳል። በዚያ ጊዜ ያላየውን በኋላ ይፈራዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አንለየው። ቡችሎች ሲጫወቱ አንዱ አጥብቆ ቢነክስ ሌላው ይጮኽና ጨዋታውን ይተዋል። በዚህ ጥርሱን ማለዘብ ይማራል።

2ኛ፣ በየቀኑ በእጃችን እንዳስሰው። ጆሮውን፣ እግሩንና አፉን እንንካ።

3ኛ፣ ልዩ ልዩ ሰው ይይ። ሽማግሌ ከነከዘራው፣ ሴት ከነእንስራዋ፣ ቄስ ከነጥላው ይይ። እንግዳው ቁራሽ እንጀራ ይጣልለት። ዶሮን፣ በግንና ጥጃንም ይልመድ። ቢፈራ አንጎትተው። ከሩቅ ይይ፤ ቀስ እያለ ራሱ ይቀርባል።

4ኛ፣ ልጆች ድንጋይ አይወርውሩበት። ሲበላና ሲተኛ አይንኩት። ሕፃንን ከውሻ ጋር ብቻውን አንተው።

5ኛ፣ ሦስት ወር ሲሆነው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። ክትባቱም በየዓመቱ ይደገም። እስኪከተብ ድረስ ከማናውቀው ውሻ ይራቅ።

«ሰው የለመደ ውሻ ቤት አይጠብቅም» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል። ሰውን የለመደ ውሻ ጎረቤትን ከሌባ ይለያል።

ውሻ ሰው ቢነክስስ? ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እንጠበው። ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ በጊዜው ከተጀመረ ግን ሰውን ያድናል።

ልጅቱ በዚያው ቀን ታጥባ፣ ተከትባ ዳነች። ገበሬው በሌላ ጊዜ ሌላ ቡችላ አመጣ። ይህንን ግን ጓሮ አላሰረውም። መጀመሪያ ቁራሽ እንጀራ የጣለችለትም ያችው ልጅ ናት።

ጥያቄ
1. የገበሬው ውሻ ልጅቱን ለምን ነከሳት?
2. ቡችላ ከእናቱ የሚለየው መቼ ነው?
3. ውሻ ሰው ቢነክስ መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?