ዳር ቆሞ የሚያየውን ልጅ እናስተምር

በትምህርት ቤት ጉልበተኝነት ሲነሳ ዓይናችን የሚያርፈው በመቺውና በተመቺው ላይ ብቻ ነው። አንዱ ይቀጣል፣ ሌላው ይባበላል፣ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ሆኖም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንዴ በእኩዮቹ ተጠቅቷል። ይህን ያህል የተስፋፋ ችግር የጥቂት ባለጌ ልጆች ጥፋት ሊሆን አይችልም። መፍትሔው መጀመር ያለበት ዳር ቆመው ከሚያዩት ልጆች ነው፤ እነሱን ዝም ከሚያሰኟቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ስለ ወንድነትና ሴትነት እኛው ያስተማርናቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በመጫወቻ ሜዳ ላይ በካሜራ ተከታትሏል። ጥቃት ከተፈጸመባቸው አጋጣሚዎች በ88 በመቶው ሌሎች ልጆች በቦታው ነበሩ፤ ጣልቃ የገቡት ግን በ19 በመቶው ብቻ ነው። ሲገቡ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ ይቆም ነበር። ጉልበተኛ የሚበረታው በሚስቅለት ሰው ነውና ሳቁ ሲቀር ጉልበቱም ይቀንሳል። የሚያሳስበው፣ ወንዶቹ ይበልጥ የሚገላግሉት ወንዶች ሲጋጩ፣ ሴቶቹም ሴቶች ሲጋጩ መሆኑ ነው። በወንድ ልጅ ለምትጠቃ ሴት ልጅ ታዲያ ማን ይድረስላት?

ይህ አጥር የሚታጠረው ገና በለጋነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በ5 ዓመታቸው ሴቶችም ወንዶችም እጅግ ብልህ የሆነውን ሰው የሚፈልጉት ከየራሳቸው ወገን ነው፤ 6 ዓመት ሲሞላቸው ግን የሴቶቹ እምነት ይወርዳል። እኛም ዘንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ «ምን እንደ ሴት ትነፋረቃለህ!» ይባላል፤ ኳስ የምትወድ ልጅ «ወንዳወንድ»፣ ገመድ የሚዘል ወንድ ልጅ «ሴታሴት» የሚል ስም ይወጣላቸዋል። ቃሉ ከአዋቂ አፍ የተለቀመ ነው። የተጠቃ ጓደኛውን ማገዝ የሚፈልግ ልጅም ይኸው ስም እንዳይለጠፍበት ፈርቶ አንገቱን ይደፋል።

«ልጆች ናቸው፤ ተጣልተው ይታረቃሉ» የሚሉ አሉ። እኩል ለእኩል የሆነ ጠብ በእርግጥም በራሱ ይበርዳል። ጉልበተኝነት ግን ደካማውን እየመረጠ የሚደጋገም ነው፤ ተጠቂውን ከትምህርት ቤት ያሸሸዋል እንጂ አያጠነክረውም። ሌሎች ዳር ቆሞ የሚያየውን ልጅ ጣልቃ እንዲገባ ማስተማር ከውጭ የመጣ ነው፣ ባህላችንን ይበርዛል ይላሉ። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያያዙ ዘሎ የሚገባ ገላጋይ በማይጠፋበት አገር፣ ጥቃትን ቆሞ ማየት መቼ ባህላችን ሆኖ ያውቃል? ገላጋዩ ልጅ ራሱ እንዳይመታ መስጋት ግን ተገቢ ነው። ስለዚህ የሚማረው ቡጢ መሰንዘርን ሳይሆን አብሮ አለመሳቅን፣ የተገለለውን እጁን ይዞ ወደ ጨዋታው ማስገባትን፣ መምህር መጥራትን ነው። መምህሩም ለእርዳታ የመጣን ልጅ «አሳባቂ» ብሎ መመለስ የለበትም።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ልጅ በታጨቀበት ክፍል እንኳ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ «ተው፣ ይበቃል!» ማለትን ልጆች ሊለማመዱ ይችላሉ፤ የክፍል አለቃነቱም መጥረጊያውም ወንድ ሴት ሳይባል በተራ ሊዞር ይችላል። አርጩሜ ግን ከክፍል መውጣት አለበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በዱላ ሥርዓት የሚያስከብር መምህርም ጉልበት ያለው ይፈርዳል ብሎ እያስተማረ ነው። ወላጆችም ለስብሰባ ሲጠሩ ልጃቸው ስንተኛ እንደወጣ ብቻ ሳይሆን፣ ሌላ ልጅ ሲጠቃ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ይጀምሩ።