ጆሮ ሳይደፈን ማዳመጥ

«ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚለው አነጋገር የቆየ ነው። የሚነገረውን እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ የሚያልፈውን ሰው ለመንቀፍ ይነገራል። በአሁኑ ጊዜ ግን ብዙዎቻችን ዳባውን ከሱቅ በገንዘባችን እየገዛን ጆሯችንን የምናለብስ ሆነናል። በባሕር ዳር ከተማ ማለዳ ተነሥቶ የጣናን ዳር ይዞ የሚራመደውን፣ በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተው 380 ሜትር ርዝመት ባለው የዓባይ ድልድይ ላይ የሚሮጠውን፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት በብስክሌት የሚመለሰውን ወጣት ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ በሁለት ጆሮዎቹ ውስጥ የተወተፈ ኤርፎን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ማዳመጡን አንነቅፍም። እግር መንገዱን ሲሠራ ጆሮ ዜናና ትምህርት ቢሸምት መልካም ነው። የሚያሳስበን የጆሮው መደፈን ነው። ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ብስክሌት የብዙ ሰው መጓጓዣ ነው፤ ብስክሌተኛውም ከባጃጁ፣ ከሚኒባሱና ከእግረኛው ጋር በአንድ መንገድ ይሻማል። ሰው በማጅራቱ ላይ ዓይን አልተፈጠረለትምና ከኋላው የሚመጣውን የሚነግረው ጆሮው ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ በመንገድ ላይ ግን ከጆሮ የቀረበ ዘመድ አይገኝም። ይህን ዘመድ ሳያስከፉ ለማዳመጥ የሚያስችል ነው የተባለው በአጥንት አማካይነት ድምፅ የሚያስተላልፈው ማዳመጫ ወደ አገራችን ገበያም ደርሷልና፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ወጣቱ ሊያውቀው የሚገባውን ጥቂት ነገር መግለጽ እንወዳለን።

ድምፅ ወደ ሰው የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአየር ነው፤ አየሩ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ታምቡሩም ሦስቱን ጥቃቅን አጥንቶች አነቃንቆ መልእክቱን በውስጠኛው ጆሮ ለሚገኘው ቀንድ አውጣ መሰል ክፍል ያደርሳል። ሁለተኛው መንገድ የራስ ቅል አጥንት ነው። ስንናገር የገዛ ድምፃችንን በከፊል የምንሰማው በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ድምፃችን ተቀርፆ ሲሰማን «ይህ የኔ ነውን?» እስክንል ድረስ ይለወጥብናል። አዲሱ ማዳመጫ ከጆሮ ፊት ለፊት በጉንጭ አጥንት ላይ ተደግፎ በመንዘር ድምፁን በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይልካል። የጆሮው ቀዳዳ ክፍት ስለሚሆን የባጃጁ ጡሩምባ እንደ ወትሮው ይሰማል።

ነገሩ የትናንት ግኝት አይደለም። ድምፅ በጥርስና በአጥንት ሊያልፍ እንደሚችል ጂሮላሞ ካርዳኖ የተባለው የኢጣልያ ሐኪም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ ደግሞ ሁጎ ጌርንስባክ በአሜሪካ «ኦሶፎን» የተባለ በአጥንት የሚያሰማ መሣሪያ ሠርቷል። የጆሮ ሐኪሞችም እስከ ዛሬ ድረስ የሚንዘር መቃኛ ሹካ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ አስደግፈው፣ ሕመሙ ከውጭ ይሁን ከውስጥ ይለዩበታል።

ለመሆኑ ድምፁ እንዴት ነው? እውነቱን እንናገር፤ ከደህና ተራ ኤርፎን ያንሳል። በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። የዘፋኙ ቃልና የማሲንቆው ዜማ ጥርት ብለው ሲሰሙ የከበሮው ድለቃ ግን ይደክማል፤ በኃይል ከተከፈተም ጉንጭን ይኮረኩራል። እንግዲህ ለዜና፣ ለቋንቋ ትምህርት፣ ለመጽሐፍ ትረካና ለስልክ ንግግር ተስማሚ ነው። ለሙዚቃ ጣዕም ብቻ የሚገዛ ሰው ግን ሳይቆጭ አይቀርም። ጸጥ ባለ ቤተ መጻሕፍት ወይም ቢሮ ውስጥም ድምፁ በመጠኑ ወደ ውጭ ስለሚያፈተልክ ጎረቤትን ያውካል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታረም የሚገባው «ይህ ማዳመጫ ጆሮ አይጎዳም» የሚለው ወሬ ነው። መንገዱ ቢለያይም መድረሻው ያው ውስጠኛው ጆሮ ነው። ከመጠን ያለፈ ድምፅ የሚያጠፋቸው ረቂቅ የመስሚያ ሕዋሳት የሚገኙት በዚያ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሞቱም ተመልሰው አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው ያመለከተው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ ወደ 90 ከወጣ ግን የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ክፍት ጆሮ የገበያውንም ጫጫታ ስለሚያስገባ፣ ሰው ያንን ለማሸነፍ ድምፁን ከፍ እያደረገ መሄዱ አይቀርም። መንገዱ ሲንጫጫ ማጥፋት ነው እንጂ ማስጮህ አይገባም። የጆሮ መከፈትም ብቻውን አይበቃም፤ ልቡ በወሬው የተወሰደ ሰው በክፍት ጆሮውም ጡሩምባውን ላይሰማ ይችላል።

ወደ ገበያው እንለፍ። መልኩ ከአጥንት ማዳመጫ ጋር ተመሳስሎ የተሠራ፣ በውስጡ ግን ትንሽ ተራ ድምፅ ማጉያ ያለው ዕቃ «የአጥንት ነው» ተብሎ ይሸጣል። ይህን ለመለየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ማዳመጫውን አድርገው ሁለቱን ጆሮዎች በጣት ይድፈኑ። ድምፁ ከጠፋ ወይም እጅግ ከቀነሰ በአየር የሚሠራ ነው። ሳይጠፋ ጭራሽ ወፈር ብሎ ከተሰማ እውነተኛው ነው። ይህን ፈተና የሚከለክል ባለሱቅ ካለ ገንዘብን ይዞ መውጣት ብልኅነት ነው።

ሁለተኛው የሚመረመር ነገር ውኃ መቋቋሙ ነው። በካርቶኑ ላይ «አይ ፒ» ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ ፊተኛው ስለ አቧራ፣ ኋለኛው ስለ ውኃ ነው። በኋለኛው በኩል 4 ማለት ፍንጣቂን፣ 5 በግፊት የሚረጭ ውኃን፣ 7 ደግሞ በአንድ ሜትር ጥልቀት ለግማሽ ሰዓት መቆየትን ይችላል ማለት ነው። ለላብና ለባሕር ዳር ክረምት ዝናብ 5 ይበቃል። ለዋና ተብሎ የሚገዛ ከሆነ የብሉቱዝ ሞገድ በውኃ ውስጥ ስለማይራመድ ዘፈኑን በራሱ ውስጥ የሚይዝ ዓይነት ያሻል። ይህም ለመዋኛ ገንዳ ነው። በጣና ዳር የቢልሃርዚያ በሽታና ጉማሬ ስላሉ፣ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ዘፈን ለማዳመጥ የሚያስብ ሰው ቢኖር ምክራችን ይቅርብህ ነው።

ሦስተኛው መግጠሙ ነው። የዚህ ዕቃ ማሰሪያ በማጅራት በኩል ስለሚዞር ከመነጽር፣ ከሹሩባ፣ ከነጠላና ከጃኬት ኮሌታ ጋር ሊጣላ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ የሚለበሰውን ለብሶ፣ ራስን ወዲያና ወዲህ አዙሮ መሞከር ያስፈልጋል። በተለመደው የስልክ ገመድ ቻርጅ የሚደረገውን መምረጥም ይሻላል፤ የራሱ የሆነ ልዩ ገመድ ያለው፣ ገመዱ የጠፋ ዕለት ማዳመጫው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከሩጫ በኋላም ላቡን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ በደንብ ሳይደርቅ ቻርጅ አለማድረግ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

የዋጋው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ሾክስ የተባለው የታወቀ ኩባንያ «ኦፕንራን» የሚለውን 26 ግራም የሚመዝንና ለ8 ሰዓት የሚያገለግል ማዳመጫ በአሜሪካ ወደ 130 ዶላር ግድም ሸጦታል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ስለሚተመን፣ ይህ በብር ሲመነዘር የአንድ አዲስ ተቀጣሪ የወር ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል። ቤት ኪራይ የሚከፍልና ለወላጆቹ የሚቆርጥ ወጣት ይህን ገንዘብ ለማዳመጫ ሲያወጣ ሊያመነታ ይገባዋል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። በየቀኑ በመኪና መንገድ ብስክሌት የሚነዳና የሚሮጥ ሰው፣ ማዳመጡንም መተው የማይችል ከሆነ፣ ይህ ዕቃ ይገባዋል። ስልኩ የሚያነብለትን እየሰማ መንገዱንም በጆሮው ለሚጠብቅ ዓይነ ስውር ተማሪ ከጌጥነት አልፎ መሪ ነው። ጆሮው ፈሳሽ የሚያወጣ ወይም ታምቡሩ የተጎዳ ሰውም ቀዳዳውን ስለማይደፍንበት ሊረዳው ይችላል፤ ግን ከሱቅ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በመኝታ ቤቱና በጠረጴዛው ላይ ብቻ የሚያዳምጥ ወጣት ያለውን ተራ ኤርፎን በልክ ከፍቶ ይጠቀምበት።

ገንዘቡ ለሌለውም መፍትሔው ሩቅ አይደለም። መኪና ወዳለበት መንገድ ሲደርሱ ኤርፎኑን ነቅሎ ኪስ ውስጥ መክተት ምንም አያስወጣም። በሐይቁ ዳርም የሚሰማ አይታጣም፤ የወፉ ድምፅና የማዕበሉ ሹክሹክታ ቻርጅ አይጠይቁም። ነጋዴዎቻችንም የሚሸጡት ዕቃ በአጥንት ይሁን በአየር እንደሚሠራ በግልጽ ጽፈው፣ ገዢው ጆሮውን ደፍኖ እንዲሞክር ቢፈቅዱ፣ የወጣቱን ገንዘብ ከከንቱ ወጪ፣ ሕይወቱንም ከአደጋ በመጠበቅ በኩል ድርሻቸውን ይወጣሉ።