ሰባት መዳረሻ በሦስት ቀን

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየቴሌግራም ቻናሉ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበዛል። «3 ቀን፣ 7 መዳረሻ!» ባቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ዶርዜ፣ አርባ ምንጭ፣ ጫሞ፣ ኮንሶ። ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ፎቶግራፈርና ዲጄ ተካቷል። ዋጋው ከታች፣ የቅድሚያ ክፍያው የባንክ ቁጥር ደግሞ ከዋጋው በታች ይቀመጣል።

እስክሪብቶ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ኮንሶ ደርሶ መመለስ በየትኛውም በኩል ቢኬድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚህ አገር መንገድ፣ ከብቱም፣ ባጃጁም፣ ፍተሻውም ታስቦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከተሄደ ጥሩ ተነድቷል ይባላል። ስለዚህ ከሃያ ሰዓት በላዩ ወንበር ላይ ያልቃል። የቀረው ለሰባት ቦታ ይካፈላል። ከእሱም ላይ እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ሃምሳ ሰው ከመኪና ማውረዱና መልሶ መጫኑ ይቀነሳል። ትውልድ በትውልድ ላይ በድንጋይ የካበው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ስንት ደቂቃ ይደርሰዋል? ፎቶ ለማንሳት የሚበቃ። ያውም ፀሐይ ካልገባች።

ይህን ሒሳብ በደንብ የምታውቅ አንዲት የጉዞ አዘጋጅ አዲስ አበባ ውስጥ አለች። በሙያው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታለች፤ ከዚያ በፊት ቡድን ይዛ የምትዞር አስጎብኚ ነበረች። የሰባት መዳረሻውን ማስታወቂያ እሷም በጊዜዋ ጽፋለች፣ ሸጣለችም። ዛሬ ሥራሽ ምንድን ነው ስትባል «መሰረዝ» ትላለች። ደንበኛው ስድስት ቦታ ጽፎ ይመጣል፤ አራቱን ሰርዛ ትመልስለታለች። አንዳንዱ ይስማማል፤ አንዳንዱ «ገንዘቡ ያው ከሆነ ለምን ትቀንሺብኛለሽ?» ብሎ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ትክክል ግን እሷ ናት። የጉዞ ገበያችን ቦታ በቁጥር መሸጥ ለምዷል፤ ተጓዡም በቁጥር መግዛት ለምዷል። በመሃል የሚሸጠው ዋናው ነገር፣ ጊዜው፣ ዋጋ አጥቷል።

አዘጋጇ ወደዚህ ሐሳብ የመጣችው በአንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጉዞ ነው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች ነበሩ። ዶርዜ ላይ ቤተሰቡ ከቀርከሃና ከእንሰት ቅጠል የተሠራውን፣ የዝሆን ግንባር የሚመስለውን ቤት አየ። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ሲሸምን አየ። ከዚያ አንዲት እናት እንሰት ስትፍቅ የቤተሰቡ ትንሽ ልጅ ልሞክር አለች። ሴትየዋ መፋቂያውን ሰጠቻት፤ እጇን ይዛ አሳየቻት። ልጅቱ ፊቷ ሁሉ በእንሰት ጭማቂ ተረጨ። ቀድሞ የተብላላው ሊጥ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ተጣደ፤ ማርና ዳጣ ቀረበ።

በዚህ መሃል የአዘጋጇ ስልክ ጮኸ። ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባው እየጠበቀ ነው፤ አዞዎቹን ለማየት ከተባለው ሰዓት ማለፍ አይቻልም። ቤተሰቡን አስነሳች። ቆጮው ሳይበስል ወደ መኪናው ተሄደ። ጀልባው ላይ ተደረሰ፣ አዞም ታየ፣ ጉማሬም ታየ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንድም አልጎደለም።

ከዓመታት በኋላ የልጅቱ እናት ለሌላ ጉዞ ስትደውል ልጅቱ ስልኩን ተቀብላ ሰላም አለቻት። ስለ አዞው አላነሳችም። «እትዬ፣ ያን ቀን ቆጮው ምጣዱ ላይ እያለ ለምን ተነሳን?» ነበር ጥያቄዋ።

መልስ አልነበራትም። ጀልባው በማግሥቱ ጠዋትም ይገኝ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ግን ሌላ መዳረሻ ተጽፎበታል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣት በዓመት የሚያገኘው ዕረፍት ውስን ነው፤ ገንዘቡም እንዲሁ። አርባ ምንጭ ድረስ ከሄድኩ አይቀር ኮንሶንም ልይ ማለቱ አይፈረድበትም፤ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? ወጪው በጨመረ ቁጥር ይህ ስሜት ይብሳል። አዘጋጇ ለዚህ የምትሰጠው መልስ መንገዱን ማሳጠር ነው። ሦስት ቀን ያለው ሰው 275 ኪሎ ሜትር ርቆ ሐዋሳ ይግባና ሁለት ሌሊት ይደር። አንዱን ማለዳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ያሳልፍ፤ ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ዓሣው ሲበለት፣ ትልልቆቹ ወፎች እንደ ደንበኛ ተሰልፈው ትርፍራፊ ሲጠብቁ ይይ። ከሰዓት በኋላውን ምንም አይጻፍበት። ደንበኞቿ በጣም የሚፈሩት ይህንን ባዶ ከሰዓት ነው። «ምን እናደርጋለን?» ይላሉ። ሲመለሱ ደግሞ የሚያወሩት እሱኑ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ከአንድ ሽማግሌ ጋር የተደረገ ጨዋታ፣ ዝናብ ሲመጣ የተገባበት ሻይ ቤት።

ባዶ ከሰዓት ይተው ማለት ግን ዝግጅት አያስፈልግም ማለት አይደለም። እንዲያውም ጥቂት ቦታ የመረጠ ሰው ቀኑን በትክክል መምረጥ አለበት። ጢስ ዓባይን በሚያዝያ ለማየት የሄደ ሰው ያንን በፎቶ የሚያውቀውን ፏፏቴ አያገኘውም፤ በበጋ ወንዙ ይቀንሳል፣ ካለውም ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይወሰዳል። ነሐሴና መስከረም ነው ጊዜው። ዳሎልና ኤርታሌ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ካልሆነ ሙቀቱ ሰው አያስጠጋም። ኦሞ የሚሄድ ሰው ገበያውን ይጠይቅ፤ ቀይ አፈር ሐሙስ ነው፣ ዲመካ ቅዳሜ። ዓርብ ቀይ አፈር ደርሶ ባዶ ሜዳ ማየት የአስጎብኚው ጥፋት ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ተጓዡ ነው። ባሌ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ቀዩን ቀበሮ ለማየት በሸሚዝ የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ቀበሮውን ትቶ የመኪናውን ማሞቂያ ሲፈልግ ታይቷል።

ለዲያስፖራው ደግሞ ሌላ መሰናክል አለ፤ ሰዓቱና ቀኑ። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 07:00 የሚለው ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ይህ ግልጽ ይመስላል፣ ግን «7 ሰዓት» ብሎ ለዘመድ ነግሮ፣ ዘመድም ከምሳ በፊት ሊያደርሰው ሲመጣ አውሮፕላኑ ሄዶ ያገኘ ሰው አለ። አዘጋጇ አሁን ለሁሉም ደንበኛ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ትጽፋለች፤ «ጠዋት» እና «ማታ» የሚለውን ቃል ሳትጨምር መልእክት አትልክም።

ቀኑ ላይ ግን እሷም ወድቃለች። ከዋሽንግተን የመጣ አንድ ደንበኛ ከሃያ ዓመት በኋላ ጥምቀትን ጃን ሜዳ ላይ ማየት ፈለገ። ጥምቀት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ነው ብለው ሁለቱም ተስማሙ፤ የመመለሻ ትኬቱ ለ19 ማታ ተቆረጠ። ዓመቱ 2016 ነበር። ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለሆነች አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ገብቷል፤ ጥር 11 ደግሞ ጃንዋሪ 20 ላይ ውሏል። ሰውየው ከተራን አየ። ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ በእንባ ሸኘ። ሊነጋ ሲል ውሃው ሲባረክና ሲረጭ ግን እሱ አየር ላይ ነበር። ትኬቱን ለመቀየር ሞክራ ነበር፤ ቦታ አልተገኘም። የአገልግሎት ክፍያዋን መለሰችለት። ይህ የሚያካክሰው ነገር እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች። በ2020 ዓ.ም. ነገሩ ይደገማል፤ ትኬት የሚቆርጥ ካለ ከአሁኑ ይያዘው።

እስካሁን ያለው የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የሚጀምረው «መንገዱ ሰላም ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነው።

የሰሜኑ ጉዞ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ የቱሪዝም ጀርባ አጥንት ነበር፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ስሜን፣ አክሱም፣ ላሊበላ። ስሜን ብሔራዊ ፓርክና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት ውስጥ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት፣ ከዚያም በ2015 መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ የተቀሰቀሰው ግጭት ይህንን መንገድ በጣጥሶታል። ብዙ የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ አካባቢው እንዳይሄዱ መክረዋል፤ ምክሩን ጥሶ የሄደን ሰው ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። ላሊበላ ውስጥ በአስጎብኚነት፣ በአልጋ ኪራይ፣ በበቅሎ፣ በእጅ ሥራ ይኖር የነበረ ሰው ደንበኛ ናፍቆታል። እንግዳ ያስፈልገዋል። አዘጋጇ ይህን ታውቃለች፤ ብዙዎቹ ጓደኞቿ ናቸው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «እንዴት ነው አካባቢው?» ብሎ ለሚደውል ሰው መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰላም ነው» ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ልጁን ያጣ ሰውም ይመስገን ይላል። ከዚህ መልስ ተነስቶ ሰው መኪና ላይ የሚጭን አዘጋጅ ግን ሰላምታን እንደ መረጃ ሸጧል ማለት ነው።

እሷ ጥያቄውን ቀይራለች። «ሰላም ነው ወይ?» አትልም። «ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ገብቷል? ከስንት ሰዓት በኋላ አይንቀሳቀስም? ባንኩ ክፍት ነው? ትናንት ማታ ሆቴሉ ያደረ እንግዳ ከየት መጣ?» ትላለች። ይህንንም ለሦስት ሰው ነው የምትደውለው፤ መንገዱን ለሚመላለስ ሹፌር፣ እዚያው ለሚኖር አስጎብኚ፣ ለሆቴል እንግዳ ተቀባይ። ሦስቱ ካልተገናኙ ጉዞው ይቀራል፤ ገንዘቡ ይመለሳል።

አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጋ አሥራ አራት ሰው አስቀረች። ቡድኑ ተቆጣ። ሌላ አዘጋጅ ይዞ በዚያው ሳምንት ሄደ፤ በደህና ተመለሰም። የቡድኑ መሪ ፎቶዎቹን ላከላትና «ምንም አልነበረም እኮ!» አላት። ያ ደንበኛ ዳግመኛ አልመጣም። እሷም ውሳኔዋ ስህተት ነበር አትልም፤ በዚያ ጠዋት ሦስቱ ሰዎች የተለያየ ነገር ነው የነገሯት።

ገበያው ይህንን ጥንቃቄ አይከፍልም። እንዲያውም ይቀጣል። ቅድሚያ ክፍያ የማይመልስ አዘጋጅ ጉዞው ሲሰረዝ ስለሚጎዳ የመሄድ ፍላጎቱ ያይላል፤ የሚመልሰው ደግሞ ከኪሱ ያወጣል። ስለዚህ ተጓዡ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፤ ጉዞው በጸጥታ ምክንያት ቢቀር ገንዘቤ ስንት ቀን ውስጥ ይመለሳል? በጽሑፍ ይሰጠኛል? መኪናው ማታ ይነዳል? ሁለተኛ ሹፌር አለ? ዲጄ መኖሩን ሁሉም ማስታወቂያ ይነግረናል፤ ሁለተኛ ሹፌር መኖሩን የሚነግር ግን ስንት ነው?

መንግሥት በበኩሉ ጎርጎራ፣ ወንጪ፣ ሃላላ ኬላ፣ ጨበራ ጩርጩራ ላይ ሎጅ ሠርቷል። ጥሩ ነው፤ አገሪቱ የሚያምር ማደሪያ ያስፈልጋት ነበር። ሎጁ ድረስ የሚወስደው መንገድና ሎጁ ዙሪያ የሚኖረው ሰው ግን በሪባን መቁረጫው ቀን ዜና ውስጥ የሚገቡት በጥቂቱ ነው። የጉዞ ትዝታ የሚሆነው በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

አዘጋጇ ለመስከረም መጨረሻ አንድ ጉዞ አውጥታለች፤ ዶርዜ፣ ሦስት ሌሊት፣ ሌላ መዳረሻ የለም። እንሰት መፋቅ፣ ከሸማኔ ጋር መዋል፣ ገበያ፣ አንድ ባዶ ከሰዓት። አብሯት የሚሠራው ወጣት ማስታወቂያውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ጫሞን እንኳ ጨምሪበት፣ ኮንሶንም በአንድ ጠዋት እንደርሳለን አላት። ባለሰባት መዳረሻው የሌላ ድርጅት አውቶቡስ በሁለት ቀን መሙላቱንም ነገራት። አልጨመረችም።

እስከ ትናንት የተመዘገቡት ዘጠኝ ናቸው። መኪናው ወጪውን የሚችለው በአሥራ ሁለት ሰው ነው።