ፀጉር ቤቱን የሚዘጋው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉር ቤት የገባች ሴት ሒሳብ ስትከፍል «ደግሞ ጨመራችሁ?» ማለቷ የተለመደ ሆኗል። መልሱም «ምን ያልጨመረ ነገር አለ!» ነው። ይህ መልስ ግን ትልቁን ወጪ ይደብቀዋል። ትልቁ ወጪ የቤት ኪራይ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዲት የፀጉር ቤት ባለቤት በወር 30,000 ብር ኪራይ ብትከፍልና 26 ቀን ብትሠራ፣ በየቀኑ በሯን ከመክፈቷ በፊት ከ1,150 ብር በላይ ዕዳ አለባት። ከአንድ ደንበኛ 300 ብር ብትቀበል፣ በፐርሰንት ለምትሠራው ባለሙያ 40 በመቶው፣ ማለትም 120 ብር ይሄዳል። ለሻምፑ፣ ለትሪትመንትና ለቅባት 60 ብር ቢወጣ የሚተርፋት 120 ብር ነው። እንግዲህ አሥር ደንበኛ እስክታስተናግድ ድረስ የምትሠራው ለአከራይዋ ነው። መብራት፣ ውኃ፣ ግብርና የራሷ እንጀራ የሚጀምሩት ከአሥራ አንደኛዋ ደንበኛ ነው።

አሥራ አንደኛዋ ደግሞ ሁልጊዜ አትመጣም። በጥር የሠርግ ወቅትና በበዓል ዋዜማ መቀመጫ ይጠፋል፤ በዐቢይ ጾም ወንበሩ ባዶውን ይውላል። ኪራዩ ግን ጾም አያውቅም። መብራት ሲጠፋ ካስኩም ፎኑም ይቆማል። ጄኔሬተር ያላት ነዳጅ ታቃጥላለች፣ የሌላት ደንበኛዋን ትሸኛለች። በፐርሰንት የምትሠራዋ ልጅም ያን ቀን ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ትገባለች።

የውጭ ምንዛሪውም የራሱ ድርሻ አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህን ማንም የፀጉር ቤት ባለቤት ልታስቆመው አትችልም፤ መንግሥትም በአንድ ጀንበር አያወርደውም። የኪራይ ጉዳይ ግን በሕግ ሊስተካከል የሚችል ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ከሚወሰነው መጠን እንዳያልፍ ደንግጓል። የንግድ ቤትን ግን አይመለከትም። አንዲት ሴት የምትተኛበትን ክፍል ሕግ ሲጠብቅላት፣ እንጀራዋን የምታገኝበት ቤት ውሉ ባለቀ ማግስት በአከራይዋ መልካም ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

ችግሩ ከብዙ ሱቆች ይልቅ ፀጉር ቤት ላይ ይከብዳል። ልብስ ሻጭ ዕቃዋን ጠቅልላ ትሄዳለች። ፀጉር ቤት ሲከፈት ግን ገንዘቡ የሚፈሰው በውኃ መስመር፣ በሴራሚክና በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ላይ ነው፤ ያ ሁሉ ከግድግዳው ጋር ይቀራል። የለመደች ደንበኛም ሦስት ታክሲ ይዛ አትከተልም። አከራዩ ይህን ስለሚያውቅ፣ ከባዱ ጭማሪ የሚመጣው ቤቱ ታድሶ ደንበኛ ከለመደ በኋላ ነው።

አከራዮችም መልስ አላቸው፤ ኑሮው በእነሱም ላይ ተወዷል። ዋጋው በግድ ይገደብ ቢባል የሚያከራይ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሚበጀው የጊዜ ዋስትና መስጠት ነው፦ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሚቆይ ውል፣ ከመጀመሪያው ቀን የተጻፈ የጭማሪ መጠን፣ ለመልቀቅ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ፣ ተከራይዋ በራሷ ገንዘብ ላሠራችው ነገር ተገቢ ካሳ። አከራዩ ገቢውን አያጣም፤ ተከራይዋም የነገ ወጪዋን ዛሬ ታውቃለች።

ፀጉር ቤት አንዲት ሴት ዲግሪ ሳይኖራት በእጇ ሙያ የራሷን ሥራ ከምትከፍትባቸው ጥቂት መስኮች አንዱ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሱ በርካታ ሴቶች ያጠራቀሙትን የሚያፈሱትም እዚህ ነው። ሴቶችን ለማሠልጠንና ለማበደር በጀት ይመደባል፣ ስብሰባ ይጠራል። ሠልጥና ተበድራ የከፈተችው ቤት በሁለተኛው ዓመት በኪራይ ጭማሪ ከተዘጋ ግን ብድሩ ትከሻዋ ላይ ይቀራል፤ የታደሰው ቤትም ለሚቀጥለው ተከራይ በተሻለ ዋጋ ይከራያል።